የላስታ ሥዕሎች፣ ኮምፒዩተርና እኛ

ጥንታዊ ሥዕል ደበዘዘ በተባለ ቁጥር ወደ ብሩሽ መሮጥ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ግድግዳው ጠቆረ፣ የቅዱሱ ፊት አልለይ አለ፣ ልስኑ ረገፈ ሲባል አንድ በጎ አድራጊ ምእመን ገንዘብ ያወጣል፤ ከከተማ ሠዓሊ ይጠራል፤ በአንድ በጋ ውስጥ የብዙ መቶ ዓመት ሥዕል ከሱቅ በተገዛ ቀለም ተሸፍኖ እንደ አዲስ ያበራል። ሰጪው በቅን ልቡና ሰጥቷል፤ ሠዓሊውም በሙያው ሠርቷል፤ ካህናቱም ደስ ብሏቸዋል። የጠፋው ነገር ግን በማናቸውም ገንዘብ አይመለስም። ስለዚህ በዚህች ጽሑፍ ለወንድሞቼና ለእኅቶቼ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ለመምህራኖቻችን የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም ከእንግዲህ ወዲያ የላስታን ሥዕሎች በመጀመሪያ የሚያጥባቸው ውሃና ብሩሽ ሳይሆን ስሌት ይሁን፤ ስሌቱንም የምንሠራው እኛ እንሁን የሚል ነው።

እኔ የሙጃ ልጅ ነኝ። (ሙጃ ሲባል ሣሩን ብቻ የሚያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ በሰሜን ወሎ የጊዳን ወረዳ ከተማ መሆኗን ልንገረው።) በእኛ አገር ለገና ላሊበላን ለመሳለም ስንቁን ቋጥሮ በእግሩ ያልተጓዘ ቤተሰብ ማግኘት ያስቸግራል። የውጭ አገር ሰው ስለ ላሊበላ ሲናገር የሚያወራው ስለ ድንጋዩ ነው፤ ዩኔስኮም 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ዓለምን ያስደነቀው ፍልፍሉ ነበር። እውነት ነው፣ ድንጋዩ ያስደንቃል። ዳሩ ግን ከድንጋዩ ውስጥ ገብቶ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ሌላ ሀብት ያገኛል። የቤተ ማርያም ቅስትና ጣራ በሥዕልና በሐረግ የተሸፈነ ነው። ከላሊበላ ወጣ ብሎ በዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ ንብርብር የታነጸው ይምርሐነ ክርስቶስ፣ በአገራችን ካሉት የግድግዳ ሥዕሎች ሁሉ በዕድሜ ከቀደሙት የሚቆጠሩትን ይዟል። በገነተ ማርያም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1270 እስከ 1285 የነገሠው ንጉሥ ይኩኖ አምላክ ራሱ በግድግዳው ላይ ተሥሎ ቆሟል፤ በአጠገቡም ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራው እርሱ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ አለ። የንጉሡን ዘመን ከዜና መዋዕል ብቻ የምናጠና የታሪክ ተማሪዎች፣ ንጉሡ ራሱን እንዴት ሊያሳይ እንደ ወደደ የሚናገር ምስክር በላስታ ግድግዳ ላይ ቆሞ ሲጠብቀን ስንቶቻችን ሄደን አይተነዋል?

ሄዶ ያየውም ቢሆን ያየው በከፊል ነው። የጧፍና የዕጣን ጢስ ለመቶ ዓመታት ሲያርፍበት የኖረ ግድግዳ ነው፤ ከዚያ ላይ አቧራው፣ የዝናብ ውሃ ስርገቱ፣ የሌሊት ወፉ፣ ግድግዳውን እየተሻሸ የሚያልፈው የምእመናን ትከሻ አለ። በይምርሐነ ክርስቶስ ከጥቁረቱ የተነሣ ከአንዳንዱ ሥዕል ፊት ሰው ቆሞ ሥዕል መኖሩን ሳያውቅ ሊያልፍ ይችላል።

እዚህ ላይ ነው የኮምፒዩተር ነገር የሚመጣው። አሠራሩን በጥቂቱ ላስረዳ፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ነገሩን እንደ አስማት ስለምናየው ከአቅማችን በላይ ይመስለናል። (ጋዜጣችን በማባዣ የምትወጣ በመሆኗ ፎቶግራፍ አትሸከምም፤ አንባቢው በሐሳቡ ይሣለው።) የዲጂታል ካሜራ ያነሣው ሥዕል የቁጥር ሠንጠረዥ ነው። እያንዳንዷ ነጥብ ሦስት ቁጥሮች አሏት፤ አንድ ለቀይ፣ አንድ ለአረንጓዴ፣ አንድ ለሰማያዊ። በተለመደው አመዘጋገብ እነዚህ ቁጥሮች ከ0 እስከ 255 ይደርሳሉ። የጠቆረ ግድግዳ ሲነሣ ግን ቁጥሮቹ ሁሉ በአንድ ጠባብ ሥፍራ ይታጨቃሉ፤ ለምሳሌ ከ40 እስከ 70 ባለው መካከል። ልዩነቱ አለ፤ ዓይናችን ግን አይለየውም። እንግዲህ 40ን ወደ 0፣ 70ን ወደ 255 ብንስበውና በመካከል ያሉትንም በዚያው መጠን ብንዘረጋቸው፣ ጥቁር የነበረው ገጽ ወዲያው እጥፋት ያለው ልብስ፣ ጣት፣ የዓይን ቅንድብ ያወጣል። ይህን ለመሥራት የአሥረኛ ክፍል ሒሳብ ይበቃል።

ከዚህ የረቀቀው ደግሞ በዩኒቨርስቲ በሁለተኛው ዓመት ለፈተና ሸምድደን የምንረሳው የሊኒየር አልጀብራ ትምህርት ነው። በጠቆረ ሥዕል ውስጥ ሦስቱ ቁጥሮች አብረው ይወጣሉ፤ አብረውም ይወርዳሉ። ቀዩ ዝቅ ባለበት አረንጓዴውም ሰማያዊውም ዝቅ ይላል። እነዚህን ነጥቦች በሦስት ማዕዘናዊ ልኬት ብንዘራቸው እንደ ጦር የቀጠነ ደመና ይሠራሉ፤ የጦሩ ርዝመት ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው፤ የቀለሙ ልዩነት ያለው በጦሩ ቅጥነት ውስጥ ተደብቆ ነው። ስለዚህ የደመናውን አቅጣጫ ፈልጎ (አይገን ቬክተር የምንለው ይህ ነው) ማዞር፣ በቀጠነበት በኩል ድቡልቡል እስኪሆን ድረስ መሳብ፣ ከዚያም ወደ ነበረበት መመለስ ነው። ዘዴው በመጀመሪያ የሳተላይት ሥዕሎችን ለማጥናት ያገለግል ነበር። ጆን ሃርማን የሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2005 ለጥንታዊ የድንጋይ ላይ ሥዕሎች እንዲስማማ አድርጎ ዲስትሬች የሚባለውን ፕሮግራም አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ዋሻዎች ዓይን ያላየው ሥዕል በዚህ ታይቷል።

ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፤ አስተያየቴም በተለይ በዚህ ላይ ነው። አንደኛ፣ በዚህ ዘዴ የሚወጣው ቀለም ሠዓሊው የቀባው ቀለም አይደለም። ኮምፒዩተሩ ያወጣውን ወይን ጠጅ አይቶ «ሠዓሊው ወይን ጠጅ ይወድ ነበር» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ቢነሣ ራሱንም መምህሩንም ያሳፍራል። ሁለተኛ፣ ጄፔግ በሚባለው አቀማመጥ የተቀመጠ ፎቶግራፍ ቦታ ለመቆጠብ ሲል የቀለሙን ዝርዝር ይጥላል፤ ሥዕሉንም በ8 በ8 ነጥብ ካሬ እየከፋፈለ ያሽገዋል። እንዲህ ያለው ፎቶግራፍ ሲሳብ ካሬዎቹ ይወጡና የጥንት የጥልፍ ንድፍ ይመስላሉ። ስለዚህ ካሜራው ያየውን ሳይቀንስ በጥሬው መያዝ፣ በእያንዳንዱም ሥዕል ጥግ የታወቀ የቀለም መለኪያ ካርድ አብሮ ማንሣት ግዴታ ነው። በስልካችን አንሥተን በየመልእክቱ የምንላላከው ሥዕል ለትዝታ ይሆናል እንጂ ለጥናት አይበቃም።

ከሚታየው ብርሃን ውጭ ያለውም ብርሃን ይረዳል። በኢንፍራሬድ ሲታይ ብዙ ቀለም እንደ መስተዋት ያሳልፋል፤ ከሰል ግን ብርሃኑን ውጦ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ሠዓሊው ከመቀባቱ በፊት በከሰል የነደፈው መሥመር፣ ነድፎም የተወው እጅ ሁሉ ይታያል። ሁለት ለዓይን አንድ የሚመስሉ ሰማያዊዎች በዚህ ብርሃን ይለያያሉ፤ ኢንዲጎ ነጣ ይላል፤ አዙራይት የተባለው ማዕድን ግን ጠቆር ይላል። በአልትራቫዮሌት ደግሞ ኋላ የተደረበ ቀለም ከቀድሞው ተለይቶ ይጋለጣል። ይሁን እንጂ የእኛ ግድግዳዎች ዋና ጠላት ጥላሸት ነው፤ ጥላሸትም ከሰል ነው። ስለዚህ ወፍራም ጥላሸት ባለበት ሥፍራ ኢንፍራሬድ የሚደክምበት ጊዜ አለ። ይህን የምናገረው መሣሪያው ከተገዛ ነገሩ ሁሉ አለቀ ብሎ የሚያስብ ሰው እንዳይኖር ነው።

እሺ፣ ሥዕሉ በኮምፒዩተር ታየ፤ ታዲያ ግድግዳው እንደ ጠቆረ ቀረ አይደለም ወይ? የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በአሜሪካ አገር በሃርቫርድ ዩኒቨርስቲ የሆነውን ልንገረው። ማርክ ሮትኮ የተባለው ሠዓሊ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለዩኒቨርስቲው የምግብ አዳራሽ የሣላቸው ታላላቅ ሥዕሎች የተሠሩበት ቀይ ቀለም ፀሐይ የማይችል ሆኖ ደበዘዘ፤ ሥዕሎቹም ከአዳራሹ ወጥተው ተቀመጡ። መልሶ መቀባት ሠዓሊውን መግደል ሆነ። ስለዚህ ሊቃውንቱ በድሮ የቀለም ፎቶግራፎች ላይ ተመሥርተው፣ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የጎደለውን ብርሃን በኮምፒዩተር አሰሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2014ም ያንን ብርሃን ከፕሮጀክተር በሥዕሉ ላይ ጣሉበት። ሥዕሉ የድሮ መልኩን ለበሰ። በየቀኑ ከቀኑ በ10 ሰዓት ፕሮጀክተሩ ሲጠፋ የደበዘዘው ሥዕል ራሱ ይቀር ነበር፤ አንዲት የቀለም ጠብታ አልተነካችም። እኔ ይህን ማሽን ወስደን በይምርሐነ ክርስቶስ ቅኔ ማኅሌት እንትከለው አልልም። ነገር ግን የጸዳውን ምስል በሙጃ ወይም በላሊበላ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነጭ ግድግዳ ላይ በእውነተኛ ልኩ ብንጥለው፣ አያቶቻቸው ሲሳለሙት ኖረው አጥርተው ያላዩትን ሥዕል ልጆቹ ያያሉ።

ስለ ማደስ ሲነሣ ከዚህ ይልቅ የሚያስተምረኝ በጣሊያን አገር በፓዶቫ ከተማ የሆነው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ መጋቢት 11 ቀን 1944 (እ.ኤ.አ.) የኤሬሚታኒ ቤተ ክርስቲያን በአውሮፕላን ቦምብ ተመታ፤ አንድሬያ ማንቴኛ በ15ኛው መቶ ዓመት በግድግዳው ላይ የሣለው ሥዕል እንክትክት ብሎ ወደቀ። ሕዝቡ ስብርባሪውን ለቅሞ በሣጥን አኖረው፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር፣ አብዛኛው ከመዳፍ ያነሰ ቁራጭ ነበር። በሃምሳ ዓመቱ የፓዶቫ ዩኒቨርስቲ የፊዚክስና የሒሳብ ሰዎች ቁራጮቹን አንድ በአንድ ፎቶግራፍ አንሥተው፣ እያንዳንዱ ከየት እንደ ወደቀ ኮምፒዩተሩ ከጦርነቱ በፊት ከተነሣ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ጋር እያስተያየ እንዲፈልግ አደረጉ። የተገኘው ቀለም ከጠቅላላው ጥቂቱ ብቻ ነው። እነርሱም እ.ኤ.አ. በ2006 ያገኟቸውን ቁራጮች በየቦታቸው አስቀምጠው የጎደለውን በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፉ ተዉት። ጎብኚው የማንቴኛ እጅ የቱ፣ የፎቶግራፉ ጥላ የቱ እንደሆነ ከሩቅ ይለያል። ያ ፎቶግራፍ ባይነሣ ኖሮ ግን ሣጥኑ ሁሉ ፍርስራሽ ነበር።

ጦርነት የሌላ አገር ነገር አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ላስታ ደረሰ፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ላሊበላ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ከረመች። እኛ የዚያ አገር ልጆች ያን ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብነው ስለ እናት አባቶቻችን ነው፤ ሥዕል ያሰበ የለም፤ ማንም ሊወቅሰን አይችልም። በነገታው ግን ልናስብ ይገባናል። አንድ ከባድ መሣሪያ ከይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ቢገባ ኖሮ፣ እንደ ፓዶቫ ሰዎች ቁራጩን የምናስተያይበት ሙሉ ምስል በእጃችን አለን ወይ?

በሌሎች እጅ አለ። በቶሮንቶ ዩኒቨርስቲ ማይክል ጌርቨርስ፣ ከኡፕሳላዋ ሊቅ ከኤቫ ባሊትስካ-ቪታኮቭስካ ጋር ያቋቋሙት «መዝገበ ሥዕላት» በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ሥዕሎች ፎቶግራፎችን ሰብስቧል፤ ሁለቱ ሰዎች ስለ ይምርሐነ ክርስቶስ የግድግዳ ሥዕሎችም ጽፈዋል። የኬፕታውን ዩኒቨርስቲ ሰዎች የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ለክተዋል። ምስጋና ይገባቸዋል፤ እኛ ተኝተን ሳለን ሠርተዋል። ዳሩ ግን የላስታ ልጅ የአገሩን ሥዕል ለማየት የኢንተርኔት መሥመሩ በበጎ ፈቃድ በተነሣ ቀን ወደ ካናዳ መሻገር አለበት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በዚህ ረገድ የተሻለ ምሳሌ ነው፤ ወደ 9,000 የሚጠጋ መጽሐፍ ሲነሣ ፊልሙ በአሜሪካ በኮሌጅቪል ብቻ ሳይሆን በአዲስ አበባም እንዲቀመጥ ተደርጎ ነበር። ካታሎጉንም ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን የመሰለ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ደክሞበታል።

የተገላቢጦሹን ምሳሌ ለማወቅ የሚፈልግ ደግሞ ወደ ጎንደር ይሂድ። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ ጓድ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው ላይ ልጦ ወደ ፓሪስ ወሰደ፤ በምትካቸውም ጋስቶን-ሉዊ ሩ የተባለ ሠዓሊያቸው የሣለውን ቅጂ አስለጠፈ። ዋናው ሥዕል ዛሬ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው። ሥዕሎቹን ከጥፋት አዳንናቸው ብለው ነበር። እንግዲህ ቅጂው ለባለቤቱ፣ ዋናው ለእንግዳው ቀረ ማለት ነው። የዲጂታል ምስል ትልቁ ጥቅም ይህን መገልበጡ ነው፤ ዋናው ከሥፍራው ሳይነቃነቅ፣ እንግዳው ቅጂውን ይዞ በደስታ ይሄዳል።

ስለዚህ ቄሰ ገበዙ ካሜራ ሲያይ ፊቱን ቢያጠቁር አይፈረድበትም። በመጋቢት 1997 (እ.ኤ.አ.) አፍሮ አይገባ የሚባለው የላሊበላ የወርቅ መስቀል ተሰርቆ በቤልጅግ አገር በሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ የተመለሰው በ2001 ነው። ካህናቱ በተለምዶ «እንግዳ ፎቶግራፍ ባነሣ ማግስት ሌባ ይመጣል» የሚል ፍርሃት አላቸው፤ ፍርሃቱም ከመሬት አልተነሣም። ደግሞም ከዚህ የጠለቀ ነገር አለ። በቤተ ማርያም ውስጥ ከጥንት ጀምሮ በጨርቅ ተሸፍኖ የኖረ ዓምድ አለ፤ ካህናቱ አይገልጡትም። አንድ የሳይንስ ተማሪ ጓደኛዬ «ጨርቁን ሳንነካ በጨርቁ ውስጥ የሚያልፍ ጨረር ብንልክበትስ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ዓይኑ ያበራ ነበር። ይቻል ይሆናል። ነገር ግን እኔ በበኩሌ መልሴ አይሆንም ነው። ሽፋኑ ራሱ የዓምዱ ክፍል ነው፤ ባለቤቱ የዘጋውን በር በመስኮት መግባት ጥናት አይባልም። ጢስ የሸፈነውን መግለጥና ሰው አውቆ የሸፈነውን መግለጥ አንድ አይደሉም፤ ይህን ልዩነት የማያውቅ ተመራማሪ ላስታ ባይመጣ እመርጣለሁ።

አሁን ደግሞ አዲስ ፈተና መጥቷል። ኮምፒዩተሩ የጎደለውን ፊት ራሱ ገምቶ የሚሞላበት ዘዴ ተስፋፍቷል። በአምስተርዳም የሬምብራንት «የሌሊት ዘብ» እ.ኤ.አ. በ1715 ከአዳራሽ ግድግዳ ጋር እንዲስማማ ዳርዳሩ ተቆርጦ ነበርና፣ በ2021 በዚህ ዘዴ የተቆረጠውን ሠርተው ለጥቂት ወራት ከሥዕሉ ጎን ሰቀሉት። እነርሱ ግን ከመቆረጡ በፊት የተሣለ ቅጂ ነበራቸው። እኛ ለገነተ ማርያም ምን ቅጂ አለን? ማሽኑ የሚሞላው ካየው ነው፤ ያየውም አብዛኛው የአውሮፓ ሥዕል ነው፤ ቢበዛ የኋለኛው ዘመን የጎንደር ሥዕል ይጨመርበታል። ስለዚህ በ13ኛው መቶ ዓመት የላስታ ሠዓሊ ፊት ላይ የሌላ አገር ዓይን ይተክላል፤ ያም ምስል ከዋናው ይልቅ ስለሚያምር በየመጽሐፉ ይታተማል፤ በየቱሪስት ሱቁ ይሸጣል፤ ከሃያ ዓመት በኋላም ሠዓሊ ተጠርቶ ግድግዳውን በዚያ አምሳል ይቀባዋል። ከሱቅ ቀለሙ የከፋ ጥፋት ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ሳይንስ የሚል ማኅተም አለበት። በ1940ዎቹ (ዓ.ም.) የላሊበላን ጣራ ከዝናብ እናድን ብለው ሬንጅና ቀይ ቀለም የቀቡት ሰዎችም ለጊዜው ዘመናዊ ነበሩ፤ ኋላ የመጡት የሳንድሮ አንጀሊኒ ባለሙያዎች ያንን በመላጥ ደከሙ። በኮምፒዩተር የተሞላ ነገር ሁሉ በግልጽ በሚለይ ቀለም ይሞላ፤ ግራጫ ቢሆን ደስ ይለኛል።

«ገበሬው እህል ባጣበት አገር የምን የሥዕል እጥበት ነው?» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። ጥያቄያቸውን አላቃልልም፤ የጊዳን ደጋ ምን ያህል መሬቱ የሳሳ እንደሆነ ከእነርሱ ይልቅ እኔ አውቃለሁ። ነገር ግን የላሊበላ ከተማ እንጀራ ከእንግዳ ነው፤ ጦርነቱ እንግዳውን ባስቀረ ጊዜ አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ ጠላ ሻጯ ምን እንደ ደረሰባቸው አይተናል። ከዚያም በላይ ይህ ሥራ ወጪው ትንሽ ነው። አንድ ጥሩ ካሜራ፣ ጠንካራ ባለሦስት እግር መቆሚያ፣ ሙቀት የማይሰጥ መብራት፣ የቀለም ካርድ፣ አንድ ኮምፒዩተር፣ ምስሉ የሚቀመጥባቸው ሦስት ዲስኮች ያስፈልጋሉ። ፕሮግራሞቹ አብዛኞቹ በነጻ የሚገኙ ናቸው። የጎደለን ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ እኛ ነን።

ስለዚህ የማመለከተው እንዲህ ነው። የሒሳብ፣ የፊዚክስና የኮምፒዩተር ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ከውጭ አገር መጽሐፍ የተገለበጠ ምሳሌ ከሚወስዱ፣ ከላስታ ግድግዳ አንዲት ክንድ ቦታ ይውሰዱ። የታሪክና የግእዝ ተማሪዎች አብረው ይሂዱ፤ ኮምፒዩተሩ ያወጣውን ፊደል ማንበብ የሚችሉት እነርሱና መሪጌቶቹ ናቸውና። አንድ ፊዚክስ ተማሪ ብቻውን ቢሄድ የተሳበውን ጥላሸት ሁሉ የመልአክ ክንፍ ያደርገዋል። ጥሬው ምስል ምን ጊዜም አይነካ፤ ምን ተሳበ፣ በስንት ተሳበ የሚለውም በየቅጂው አጠገብ ይጻፍ። ከሦስቱ ዲስኮች አንዱ በዩኒቨርስቲያችን ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ በአዲስ አበባ በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም፣ አንዱ በራሱ በደብሩ በአለቃው ቁልፍ ሥር ይቀመጥ፤ የደብሩ ፈቃድ ያልተጻፈበት ምስል ከማኅደር አይውጣ። መምህራኖቻችንም ለዚህ የሚሆን የትምህርት ነጥብ ሊሰጡ ይችላሉ፤ ተማሪ ያለ ነጥብ እንደማይንቀሳቀስ እነርሱም ያውቁታል።

በገነተ ማርያም ቢጀመር ይሻላል፤ መኪና በቅርብ ይደርሳል፤ ሥዕሎቹም ከይምርሐነ ክርስቶስ ይልቅ ስለሚታዩ፣ የኮምፒዩተሩን ውጤት በዓይን ካየነው ጋር እያስተያየን ዘዴውን ለመመርመር ይመቻል። ጊዜው ከገና በኋላ፣ ተሳላሚው ሲበተንና ዐቢይ ጾም ሳይገባ ቢሆን ካህናቱም ፋታ አላቸው፤ አየሩም ደረቅ ነው። ለመነጋገር የሚፈልግ ሁሉ ስሙን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያስመዝግብ።